መድኃኒቱ ሞልቷል፣ በሽታውን የሚለይልን ሰው ስጡን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁ እኛ ጋ ድሬዳዋ ሲደርስ አንዳንዴ ቀኑ አልፎበት ቢሆንም አነበዋለሁ፣ የግብርና ወሬ ያለበትን ገጽ ደሞ በፍጹም አላልፍም፣ እንጀራዬ ነዋ። ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ የእርሻ መድኃኒት፣ ዘርና የመርጫ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። እና ሁሌ የሚገርመኝ ነገር፣ ስለ ተምች ይጻፍ፣ ስለ ቲማቲም በሽታ ይጻፍ፣ ስለ አረም ይጻፍ፣ ማሳረጊያው አንድ ነው፦ አርሶ አደሮች የኬሚካል አቅርቦት ይሻሻልልን ሲሉ ጠየቁ። ኧረ አቦ! ኬሚካል ሻጩ እኔ ነኝ፣ እኔ ልንገራችሁ፣ በዚህ አካባቢ ኬሚካል ሞልቷል። ሱቅ ውስጥ አለ፣ ጉሊት ላይ ከጨውና ከሳሙና አጠገብ ተዘርግቶ አለ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ስም የሌለው አለ፣ በኮንትሮባንድ ገብቶ ጽሑፉን ሻጩም ገዢውም የማያነቡት አለ። የጠፋው ሌላ ነው፣ ማሳ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አይቶ ለገበሬው የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው።

ሰው ሱቅ ሲገባ "ድንቹ እየደረቀብኝ ነው፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ስጠኝ" ይላል። እንዴት ነው የሚደርቀው ስትለው "ይደርቃላ!" ነው መልሱ። ሐኪም ሳያዩ ፋርማሲ ገብቶ ያመኛልና ክኒን ስጠኝ እንደማለት ነው። አልፈርድበትም፣ ከሐረማያ ወይ ከሐረርጌው ኮምቦልቻ በሌሊት ተነስቶ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሰው ከኔ ጋር ጥያቄና መልስ የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ግን ድንች የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ክረምት ላይ ጉምና ዝናብ ሲደጋግም ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ጥቁር ነገር ይወጣል፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጠህ ስታየው ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ አለው፣ እሱ ምች የሚሉት ነው፣ ከተመቸው በአንድ ሁለት ሳምንት ማሳውን እንዳለ ያከስለዋል። ለሱ መድኃኒት አለ። ማንኮዜብ የሚባለው ፀረ ፈንገስ ግን የሚሠራው ቀድሞ ከተረጨ ነው፣ ገና ያልተያዘውን ቅጠል ይሸፍናል እንጂ የታመመውን አያድንም፣ ዝናብ ሲመታው ደሞ ይታጠባል። ሪዶሚል የሚባለው ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ማሳው ከጠቆረ በኋላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፣ አንዱን ብቻ በየሳምንቱ እየደጋገሙ ሲረጩት ደሞ በሽታው ይለምደዋል።

ሌላው ድንች ደሞ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ጠውልጎ ይወድቃል፣ ውሃ የጠማው ይመስላል፣ ውሃ ሲያጠጡት አይነሳም፣ ውሃው በቦዩ በሽታውን ለጎረቤቱ ያደርሳል። ይሄ ባክቴሪያ ነው፣ አጠውልግ የሚባለው፣ ለሱ እኔም ጋ ሆነ ማንም ጋ የሚሸጥ መድኃኒት የለም። ለመለየት ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ በንጹህ ቢላ መቁረጥ፣ ከዛ ጫፉን ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ሳያነቃንቁ መያዝ ነው፣ ባክቴሪያ ከሆነ ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ሲወርድ ይታያል። ይሄንን ያየ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ይመልሳል፣ የታመመውን ከነአፈሩ ነቅሎ ከማሳ ያወጣል፣ ከዛ ማሳ ለዘር የሚሆን ድንች አያስቀርም፣ በቀጣዩ ዓመት ድንችም ቲማቲምም በርበሬም እዛው ቦታ አይተክልም፣ በቆሎ ወይ ማሽላ ይዘራበታል። ያላየው ግን ፀረ ፈንገስ ገዝቶ ይረጫል፣ አልሠራ ሲለው ሌላ ሱቅ ሄዶ ሌላ ይደርብበታል፣ ከዛ "ዘንድሮ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው" ብሎ ይሳደባል። ፎርጅድም አለ፣ አልክድም፣ ግን አጠውልግ ላይ ኦሪጅናሉም አይሠራም።

ቲማቲም ላይም ያው ነው። ድሬ ዙሪያ በጉድጓድ ውሃ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙት ልጆች ቅጠሉ እሳት የነካው መስሎ ሲደርቅባቸው ፈንገስ ነው ብለው ይመጣሉ። አንዳንዴ ፈንገስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቱታ የሚሏት ትል ናት፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ ዓለምን ያዳረሰችው፣ እኛ አገር ከገባች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስተህ ስታየው በሁለቱ ሽፋን መሀል ባዶ ቦታ አለ፣ ትሏም ኩሷም እዛው ውስጥ ይታያሉ። ለትል ፀረ ፈንገስ ብትረጭላት ምኗም አይደል። ይሄንን ለማወቅ የሚያስፈልገው ፀሐይ ብቻ ነው፣ ድሬ ላይ ደሞ ፀሐይ እጥረት የለም እኮ።

ተምቹስ? መጤ ተምች ኢትዮጵያ የገባው በ2009 ነው፣ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከዛ በአጭር ጊዜ አገሩን አዳረሰው፣ በቆሎና ማሽላ ላይ እኛም ጋ ደረሰ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የመሰለ ነጭ መስመር አለው፣ ጭራው አጠገብ ደሞ አራት ጥቁር ነጥብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አሉ፣ ከድሮው ተምች የሚለየው በዚህ ነው። እና ይሄ ነገር ትንሽ እያለ ቅጠሉን ይፍቀዋል፣ ወረቀት የመሰለ ነጭ ነጭ መስኮት ይተዋል፣ ያኔ ነው ማየት። ካደገ በኋላ የተክሉ እምብርት ውስጥ ገብቶ በገዛ ኩሱ በሩን ይዘጋል፣ ከዛ ወዲያ ቀን በፀሐይ ከላይ ከላይ ብትረጭ መድኃኒቱ እሱ ጋ አይደርስም፣ ቅጠሉን አጥበህ ነው የምትመለሰው። መርጨት ግድ ከሆነ ማለዳ ወይ ፀሐይ ስትገባ፣ የመርጫውን አፍ ወደ እምብርቱ ይዞ ነው። ማሳው ትንሽ የሆነ ሰው ደሞ እንቁላሉን ከነቅጠሉ እየፈለገ ቢደመስስ፣ ትሉን በእጁ ቢለቅም፣ አመድ ወይ ደቃቅ አሸዋ እምብርቱ ላይ ቢጨምር ከኔ ሱቅ ሳይደርስ ይገላገላል፣ የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ደሞ አብዛኛው ትንሽ ነው። ይሄንን ስናገር ነጋዴ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ካራቴ የሚባለው የነፍሳት መድኃኒት ለሁሉም ነገር ሆኗል። ለተምች ካራቴ፣ ቅጠል ለምትመጠው ለክሽክሽ ካራቴ፣ ለጫት ካራቴ፣ ቅጠል የሚያጠወልገው ምን እንደሆነ ሳይታይ ካራቴ። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን ጠቃሚዎቹንም ነፍሳት፣ ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ሁሉ ጠርጎ ይገድላል፣ ከዛ ክሽክሹ ጠላት ሳይኖረው ተመልሶ ይራባል፣ ገበሬውም ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። ለኔ ገበያ ነው።

አሁን ዋናው ወደምለው ልምጣ፣ አቀንጭራ። ወደ ቆላው ስትወርድ፣ በፈዲስ በባቢሌ፣ በድሬ የገጠር ቀበሌዎችም በነጀልዴሳ በነዋሂል በኩል ኑሮው ማሽላ ነው፣ የማሽላ ጠላት ደሞ ይቺ ሐምራዊ አበባ ያላት የምታምር አረም ናት። ክፋቷ ከመሬት በታች ነው። ዘሯ ከትንባሆ ዱቄት ይደቅቃል፣ አንዷ ብቻዋን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበሰብስ ይቆያል፣ የሚበቅለውም የማሽላ ወይ የበቆሎ ሥር አጠገቡ ሲመጣና ከሥሩ የሚወጣውን ነገር ሲሸተው ነው። ከዛ ሥሩ ላይ ተለጥፋ ትመጠዋለች፣ ከመሬት ብቅ ከማለቷ በፊት ሳምንታት ሙሉ ማሽላውን ስትመጠምጠው ቆይታለች። ገበሬው አበባዋን ሲያይ "ቱፎርዲ ስጠኝ" ብሎ ይመጣል። ቱፎርዲ የአረም መድኃኒት ነው፣ ከላይ ያለውን ያቃጥል ይሆናል፣ የማሽላው ጉዳት ግን አልቋል፣ ነፋስ ካለ ደሞ አጠገቡ ያለውን ባቄላ፣ ለውዝ፣ ጫት ሳይቀር ይዞ ይሄዳል፣ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ነው የሚመታው፣ ከዛ የጎረቤት ጠብ ሽማግሌ ጋ ይደርሳል።

ለአቀንጭራ የሚሠራው ነገር ሱቅ ውስጥ የለም። አንዱ መንገድ፣ ዘር ሳትጥል፣ አበባ ስትጀምር ነቅሎ ማቃጠል ነው። ማቃጠል ነው ያልኩት፣ ለከብት መስጠት አይደለም፣ እኛ ጋ ለሰንጋ የማይሰጥ ቅጠል የለምና ነቅለው ለበሬው ያቀርቡለታል፣ ዘሩ ሆዱ ውስጥ አይሞትም፣ በፋንድያው ተመልሶ ማሳ ይገባል። ሌላው ፈረቃ ነው፣ ለውዝ ወይ ሰሊጥ ማሳው ላይ ሲዘራ ሥራቸው የአቀንጭራን ዘር አታልሎ ያበቅለዋል፣ በቅሎ የሚለጠፍበት ስለሌለው ይሞታል፣ ባቢሌና ፈዲስ ደሞ የለውዝ አገር ነው፣ ዘሩ ከእጃቸው አለ ማለት ነው። ፍግም ይረዳል፣ አቀንጭራ የምትጠናው የደከመ መሬት ላይ ነው።

የሚቋቋማት የማሽላ ዘርም ቢሆን ተገኝቶ ነበር። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ እዚሁ ሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ ሲባል የተማሩት፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በፈረንጆች 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን የሚባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ናቸው። ታዲያ ለምን አልተስፋፉም ብትሉ፣ እኔ ከሰው የምሰማው ይሄ ነው፦ አጭር ናቸው። የሐረርጌ ሰው ማሽላ የሚዘራው ለእህሉ ብቻ መሰላችሁ? አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ ሲያሳሱት የሚነቀለው ለበሬ ማድለቢያ ነው፣ ሙይራና ፈንዲሻ የሚባሉት የአገር ማሽላዎች ከሰው ቁመት በላይ የሚሄዱት በከንቱ አይደለም። አጭር ማሽላ ይዘህ ሄደህ "ምርታማ ነው" ብትለው "በሬዬን ምን ላብላው?" ይልሃል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ እዚህም ላይ ተቀምጦ የሚያወራ፣ ማሳውን ከፍሎ ግማሹን ይሄን ግማሹን ያንን የሚያስሞክር ባለሙያ ያስፈልጋል። የቀበሌ ዲኤዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞቹ ማለቴ ነው፣ አሉ፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ማዳበሪያ ማከፋፈል፣ ብድር ማስመለስ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ምናምን ላያቸው ላይ ተጭኖ ቅጠል የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም።

ስለ ፋራምሲሳ ብዙ አልልም፣ ፓርቲኒየም የሚሏትን ማለቴ ነው፣ ድሬና ሐረር መንገድ ዳር ከሷ ሌላ ሳር የለም እስኪባል ድረስ ሞልታለች፣ ይሄ አካባቢ አገሪቱ ውስጥ መጀመሪያ ከታየችባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ወተት መራራ ታደርጋለች፣ ቆዳ ታሳክካለች፣ በባዶ እጅ አትንቀሏት። አበባ ሳታወጣ በጓንት ነው የምትነቀለው። ማዘጋጃ ቤት ለበዓል መንገድ ሲያጸዳ አበባ ያወጣችውን አጭዶ በመኪና ከተማውን አቋርጦ ይወስዳታል፣ ዘሯን በነጻ እየበተነላት።

አንበጣን አስታውሱ። በ2012 ገና ሰሞን ከጅቡቲ ድሬ የሚመጣ አውሮፕላን መስታወቱን አንበጣ ሸፍኖበት ማረፍ ስላቃተው አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ፣ ዓለም ሁሉ ዘገበው። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ይበላል ተባለ፣ አውሮፕላን መጣ፣ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ሚኒስትር መጣ። ደግ ተደረገ፣ አንበጣ በገበሬ ጣሳና ጩኸት የሚመለስ አይደለም። ግን አንበጣ በየስንት ዓመቱ ነው የሚመጣው፣ አቀንጭራና ተምች በየዓመቱ ናቸው፣ ሰማይ ስለማያጨልሙ ብቻ አውሮፕላንም ጋዜጠኛም አይመጣላቸውም።

ጫቱን ሳልናገር ባልፍ ድሬ ሰው አይደለሁም። ሁላችንም እንቅማለን፣ የማይቅመውም አጠገቡ ይቀመጣል። ጫት ሌላ ሰብል አይደለም፣ አይቀቀል፣ አይላጥ፣ ብዙ ሰው አያጥበውም፣ እንዳለ ነው አፍ የሚገባው። ለወባ ትንኝ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ እንዲረጭ ተፈቅዶ የነበረው ዲዲቲ ጫት ላይ ሲረጭ ኖሯል፣ ተመራማሪዎች ከሐረርጌ ጫት ላይ ቅሪቱን አግኝተው ጽፈዋል። ዲዲቲ በእርሻ ላይ በዓለም ደረጃ ክልክል ነው። አሁን ደሞ ሌላውን መድኃኒት ማታ ረጭተው ጠዋት የሚቆርጡ አሉ፣ የአወዳይ ጫት ገበያ ቀን አይጠብቅማ። መድኃኒቱ መያዣ ላይ፣ ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል፣ ግን የተጻፈው በደቃቃ ፊደል በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚረጨው ሰው ደሞ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። በሃይላንድ የተቀዳውማ ምንም አልተጻፈበትም። ለሱ እኮ ሕግ አለ፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ይከለክላል። ቁጥጥር ሲመጣ ግን እኛ ፈቃድ ያለን ሱቅ ገብተው ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ ከኛ በር ፊት ለፊት መሬት ላይ የተዘረጋውን ተራምደውት ያልፋሉ።

ለነቀዝ የሚሸጠውን ክኒንም በዚሁ ላንሳ፣ በፍሬ ጉሊት ላይ ይሸጣል፣ ሰው ገዝቶ በሚተኛበት ክፍል ያለ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ክኒኑ አየር ሲያገኝ ጋዝ ነው የሚሆነው፣ ነቀዝና ሰው አይለይም። ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፣ ጥብቅ አድርገው ካሰሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ ያለ ምንም መርዝ። እሱን ግን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ማን ነገራቸው።

የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። በገበያ ቀን፣ ቀፊራ፣ አወዳይ፣ ሐረር ሸዋ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚችል አንድ ባለሙያ ይቀመጥልን። ገበሬው የታመመውን ቅጠል በላስቲክ ይዞ ይምጣ፣ ታይቶ ይነገረው፣ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ስሙና ልኩ በወረቀት ተጽፎለት ወደኛ ይምጣ፣ የማያስፈልገው ከሆነ ወደ ቤቱ ይሂድ። የእጽዋት ክሊኒክ ይሉታል፣ በአንዳንድ የአገራችን ወረዳዎች ተሞክሯል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር ቅርብ ነው፣ ከድሬም በደንገጎ ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ተማሪዎቹ ለልምምድ የሚላኩበት ቦታ ሲፈልጉ እንሰማለን፣ ይሄው ቦታ። ጠረጴዛውን እኔ ሱቅ በር ላይ ቢያኖሩት ቦታውንም ጥላውንም እኔ እችላለሁ፣ ገበያዬ ቢቀንስም ይቀንስ፣ "ፎርጅድ ሸጥክልኝ" ከሚል ሰው ጋር በየሳምንቱ ከመጨቃጨቅ ይሻለኛል።

ከእናንተ ደሞ የምፈልገው፣ ከዘር ወቅት በፊት በየወሩ የአንድ በሽታ ወይ የአንድ ተባይ ፎቶ በትልቁ አውጡልን፣ ከሥሩ በአማርኛም በኦሮምኛም ምን እንደሆነና መድኃኒት ይሠራለት አይሠራለት እንደሆነ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉበት፣ ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሌሎችም ይለጥፉታል። ብቻ በቀለም አትሙት፣ በጥቁርና ነጭ ከሆነ ምችና ቱታ አይለዩም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርሻ መድኃኒት ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ